የሚጠይቅ ልጅና የአባቶቹ ቤት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

የተወደዳችሁ አድማጮቻችን ሆይ፥ ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ የብዙ ቤተ ሰብን ሰላም የሚያውክ ነው። ልጅ፥ «አገራችን በዚህ ነገር አልተሳሳተችምን? ይህስ ልማድ ከወዴት መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። አባትም ጥያቄውን እንደ ስድብ ቈጥሮ፥ «አገሩን የናቀ፥ አባቶቹን የካደ» ይለዋል። ልጁም አባቱን እንደማያስተውል ሰው ቈጥሮ ፊቱን ያዞራል። እንግዲህ የሚጠይቅ ሁሉ ጠላት ነውን? ዝም የሚልስ ሁሉ ወዳጅ ነውን?

መልሱን ከነቢዩ ከኤርምያስ ሕይወት እንፈልግ። የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከብቦ ሳለ ኤርምያስ፥ ከተማዪቱ ስለ ኀጢአቷ እንደምትወድቅ፥ እጁን የሚሰጥ ሰው ግን በሕይወት እንደሚተርፍ ተናገረ። መኳንንቱም የተዋጊዎችን እጅ ያደክማል ብለው ከሰሱት፤ ውኃ ወደሌለበት፥ ጭቃ ወደሞላበት ጕድጓድም ጣሉት። በእነርሱ ዘንድ ከሐዲ ነበረ። ነገር ግን ሥራውን ልብ አድርጉ። ከተማዪቱ ተከብባ፥ መሬት ዋጋ ባጣበት በዚያ ወራት፥ በትውልድ አገሩ በዓናቶት በ17 ሰቅል ብር እርሻ ገዛ። ከተማዪቱም ከወደቀች በኋላ የባቢሎን አዛዥ በክብር ወደ ባቢሎን ሊወስደው ቢፈቅድለት፥ እርሱ ግን በምድሪቱ ከቀሩት ድኾች ጋር መኖርን መረጠ። ከሐዲ ሰው በፈራረሰች አገር እርሻ ይገዛልን?

ከእኛም ዘመን ብዙ ያልራቀ ምስክር አለን። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ፥ ወራሪው የኢጣልያ ጦር አርበኞችን እንዲያወግዙና ለሥልጣኑ እንዲያድሩ በጠየቃቸው ጊዜ እምቢ ብለው፥ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። ኤርምያስ እጃችሁን ስጡ አለ፤ አቡነ ጴጥሮስ አትስጡ አሉ። ቃላቸው የተለያየ ይመስላል፤ ልባቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም የጊዜው ባለሥልጣን ሊሰማው የወደደውን ሳይሆን እውነት ነው ብለው ያመኑበትን ተናገሩ፤ ዋጋውንም በገዛ ሥጋቸው ከፈሉ። በእኛ አስተያየት የአገር ፍቅር የሚመዘነው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ተቋማት ነው። ተቋም የተቀደሰ ነገርን የሚጠብቅ አጥር ነው፤ አጥር ግን ራሱ ሰብሉ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በኋላ ለ1600 ዓመት ያህል ጳጳስዋን ከእስክንድርያ ስትቀበል ኖራለች። ለዚህም ምክንያት ሆኖ ይጠቀስ የነበረው፥ ኢትዮጵያውያን ከገዛ ሊቃውንቶቻቸው ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክል፥ የኒቅያ ጉባኤ ቀኖና ነው የተባለ ቃል ነበር። ይሁን እንጂ ጉባኤው የወሰናቸው ቀኖናዎች 20 ናቸው፤ ያ ቃል በእነርሱ ውስጥ አይገኝም፤ ዘግይተው በዐረብኛ በተሰበሰቡት መካከል የገባ ነው። ኢትዮጵያውያን ጠየቁ፤ ታግሠውም ደጋግመው ጠየቁ። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን ኤጲስ ቆጶሳት ተሾሙ፤ ከእነርሱም አንዱ እኒያው አቡነ ጴጥሮስ ነበሩ። በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ በካይሮ ፓትርያርክ ተብለው ተሾሙ። የሾሟቸውም የእስክንድርያው ፓትርያርክ ራሳቸው ነበሩ። ጥያቄው የቆየውን ሥርዓት ለወጠ፤ የሃይማኖትን አንድነት ግን አላፈረሰም። ያን ጊዜ የጠየቁት ሁሉ ዝም ቢሉ ኖሮ ዛሬ የምንኰራበት መንበር ከወዴት ይገኝ ነበር?

ሦስተኛው ስለ ወረስነው ልማድ ነው። በዚህ ነገር ቅዱስ መጽሐፍ ሁለት ምሳሌዎችን ያሳየናል። የሬካብ ልጆች አባታቸው ኢዮናዳብ ወይን እንዳይጠጡ ያዘዛቸውን ትእዛዝ ከብዙ ዘመን በኋላ እንኳ ስለ ጠበቁ እግዚአብሔር አመሰገናቸው። ሙሴ በምድረ በዳ የሠራውን የናስ እባብ ግን ንጉሡ ሕዝቅያስ ሰባበረው፤ ሕዝቡ ያጥኑለት ነበርና። ሁለቱም ከአባቶች የተወረሱ ናቸው። የፊተኛው ሰውን ወደ መታዘዝ መራ፤ የኋለኛው ግን የአምላክን ስፍራ ያዘ።

ይህን መለኪያ ወደ ቤታችን እናምጣው። ለሞቱት መጸለይ፥ በስማቸውም ድኻን ማብላት መልካም ውርስ ነው። ነገር ግን አንዲት መበለት «ሰው ምን ይለኛል» በማለት የእርሻ በሬዋን ሸጣ፥ በአራጣም ተበድራ ለጠገቡ ሰዎች ተዝካር ብትደግስ፥ ልጆችዋም በዚያ ምክንያት ቢራቡ፥ ይህ የናስ እባብ እንጂ የሬካብ ልጆች ታዛዥነት አይደለም። ይህን የሚጠይቅ ልጅ አባቱን አልናቀም፤ የአባቱን ነፍስና የእናቱን ጓዳ አሰበ እንጂ።

ለሚጠይቁትም የምንለው አለን። ኤርምያስን ከጕድጓዱ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። እርሱ ገመድ ብቻ ጥሎ አልጎተተውም፤ ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ አስቀድሞ ወረወረለት። ሰውን ከተሳሳተ ልማድ ማውጣት የምትሹ ወጣቶች ሆይ፥ ገመዱን ብቻ ሳይሆን ጨርቁንም ያዙ። በሽማግሌ ፊት የሚዘብት እውነት፥ እውነት ቢሆንም ያቈስላል። ደግሞም ልማዱን ከመጣላችሁ በፊት ስለ ምን እንደ ተሠራ መርምሩ፤ የማታውቁትን አጥር ስታፈርሱ ከብቱ በሰብሉ እንዳይገባ።

እናንተም አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ጠያቂውን ልጅ ወደ ጕድጓድ አትጣሉት። በቤቱ መልስ ያጣ ልጅ መልሱን ከማያውቃችሁና ከማይወዳችሁ ሰው ይፈልጋል። «አላውቅም፤ አብረን እንመርምር» ማለት የአባትን ክብር አይቀንስም። የማይጠይቅ ልጅ ምናልባት የተስማማ ሳይሆን ተስፋ የቈረጠ ይሆናል።

የአገር ፍቅር፥ የተቋማት ክብርና የአባቶች ውርስ እውነትን ሲሸሹ ይደክማሉ፤ በእውነት ሲፈተኑ ግን ይጸናሉ። እግዚአብሔር አምላካችን ለጠያቂው ትሕትናን፥ ለተጠያቂውም ትዕግሥትን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።