መጥኖ መደቆስ፦ በበዓል ሰሞን የሚጠፋ ሸቀጥና የመሐንዲስ ስሌት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ፣ ከዋናው አውራ ጎዳና ገባ ብላ የምትገኘው ደብረ ኤልያስ በሁለት ነገር የታወቀች አገር ናት። አንደኛው የቅኔ ትምህርቷ ነው፤ ሁለተኛው እህሏ ነው። ስንዴዋና ጤፏ ከወረዳው ፍጆታ አልፎ ለሌላው ይተርፋል። እንዲህ ባለው አገር የፋሲካ ሳምንት ሲደርስ ዘይትና ስኳር ከሱቅ መደርደሪያ፣ ቀይ ሽንኩርትም ከገበያ መሳሳቱና አንዳንዴም ጨርሶ መጥፋቱ ለሰሚው እንቆቅልሽ ሊመስል ይችላል። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ሳለ ሱቁ ባዶ ይሆናልና። በጤፏ የታወቀችው ብቸናም ሆነች ሞጣ ከዚህ ዕጣ ነፃ አይደሉም፤ አዲስ አበባም ብትሆን በበዓል ዋዜማ ከሸማቾች ማኅበር ሱቅ ፊት ሰልፍ የሚታይባት ከተማ ናት።

ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ለነጋዴና ለንግድ ቢሮ የሚተው ነው። ነገር ግን ጠለቅ ብሎ ለሚመለከተው የመሐንዲስም ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። የመብራት ኃይል ማመንጫ የሚነድፍ ባለሙያ ስሌቱን በአማካዩ ፍጆታ ላይ ብቻ አይመሠርትም፤ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ሰዓት መብራት በሚያበራበትና ምጣድ በሚጥድበት ጊዜ የሚመጣውን ከፍተኛ ጭነት ያሰላል እንጂ። የግድብ ሥራም እንዲሁ ነው፤ የክረምቱን ውኃ ለበጋ የማሳደር ብልሃት ነው። በዓልም በምግብ ሸቀጥ ላይ የሚመጣ ከፍተኛ ጭነት ነው። ልዩነቱ የኤሌክትሪኩ ጭነት በግምት ሲታወቅ፣ የበዓሉ ጭነት ግን ቀኑ ሳይቀር አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። ስለዚህ የበዓል እጥረት ድንገተኛ አደጋ ተብሎ ሊቆጠር አይገባውም፤ የንድፍ ጉድለት ነው።

ቀኑ የታወቀ ስለ መሆኑ

ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀን አስቀድሞ፣ ከሚያዝያ 30 ቀንም ዘግይቶ አይውልም። በእነዚህ ቀኖች መካከል የትኛው እሑድ እንደሚሆን የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የ19 ዓመቱን ንዑስ ቀመርና የ532 ዓመቱን ዐቢይ ቀመር ይዘው ያለ ስሕተት ይናገራሉ። የ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ቀን፣ የ2020 ዓ.ም. ደግሞ ሚያዝያ 8 ቀን ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ይሆናል። ዒድ አልፈጥር በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ ይመጣል፤ የእርሱም ግምት ከአንድና ከሁለት ቀን በላይ አይሳሳትም።

እንግዲህ የዘመን ቆጠራ በቃል ተጠንቶ ከትውልድ ወደ ትውልድ በሚተላለፍበት አገር፣ የበዓሉ ቀን ለካህኑ ከብዙ ዓመት በፊት ተገልጦ ሳለ ለሸቀጥ አከፋፋዩ በዋዜማው ብቻ የሚገለጥበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጭነቱ በአንድ ሳምንት የሚከመርበት ምክንያት

አንዳንድ ሰዎች ጥፋቱን በሸማቹ ላይ ያደርጉታል። «ቀኑን እያወቀ አስቀድሞ ለምን አይገዛም?» ይላሉ። ይህ አነጋገር ደመወዝተኛውን ይመለከት እንደ ሆነ እንጂ የደብረ ኤልያሷን የገጠር እማወራ አይመለከትም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በነዚህ ቀኖች ዶሮ፣ እንቁላልና ቅቤ የሚገዛው ሰው ጥቂት ነው። እማወራዪቱ ጥሪቷ ያለው በዶሮዎቿና በቅቤዋ ላይ ነው፤ እርሱንም በደኅና ዋጋ የምትሸጠው ከፋሲካ በፊት ባለው የመጨረሻ ገበያ ነው። ዘይቱን፣ ስኳሩን፣ ቡናውንና የልጆቿን ልብስ የምትገዛውም በዚያው ቀን፣ በዚያው ገንዘብ ነው። ስለዚህ «አስቀድመሽ ግዢ» የሚለው ምክር ለእርሷ ገንዘብ ሳይኖራት ግዢ እንደ ማለት ነው።

ከዚህም የተነሣ እጥረቱ በሁሉ ላይ እኩል አይወድቅም። ገንዘብ ያለው ሰው ወሬውን እንደ ሰማ ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን በሁለትና በሦስት ይጭናል። ዘይት በኩባያ እያስለካች የምትገዛው ሴት ከገበያ ወደ ሱቅ ስትደርስ ወይ አልቋል ትባላለች፣ ወይም በተጨመረው ዋጋ ትገዛለች። ወሬው ራሱ ጭነቱን ያብሰዋል፤ ያልቃል የተባለ ዕቃ ያልቃል ስለ ተባለ ብቻ ፈጥኖ ያልቃልና።

ስሌቱ

ነገሩን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ በቂ ነው። አንድ ሱቅ በተራ ሳምንት 100 ሊትር ዘይት አስመጥቶ 100 ሊትር ይሸጣል ቢባል፣ ከሰሙነ ሕማማት በፊት ባለው ሳምንት 200 ሊትር፣ በሰሙነ ሕማማት ደግሞ 300 ሊትር ቢጠየቅ፣ በሁለቱ ሳምንት የሚፈለገው 500 ሊትር ነው። የሚመጣው ግን 200 ሊትር ብቻ ስለ ሆነ ጉድለቱ 300 ሊትር ይሆናል። ይህን ጉድለት ለመሙላት ፋብሪካው ሦስት እጥፍ ማምረት፣ የጭነት መኪናውም ሦስት እጥፍ መመላለስ አያስፈልገውም። ጾሙ ስምንት ሳምንት ያህል ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በየሳምንቱ 50 ሊትር ብቻ ተጨምሮ ቢቀመጥ 300 ሊትሩ ይሞላል። 300 ሊትር ማለት ባለ 5 ሊትር 60 ጀሪካን ነው፤ የአንድ ክፍል ጥግ ይበቃዋል። በሌላ አነጋገር የጎደለው የማምረት አቅም ብቻ ሳይሆን የማሳደር አቅም ነው።

የማሳደሩ ዘዴ ግን በየዕቃው ይለያያል። ዘይት ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ፣ ክዳኑ ሳይከፈት ለወራት ይቆያል። ስኳር እርጥበት ካልነካው አይበላሽም፤ ጆንያው በባዶ መሬት ላይና በግድግዳ ተጠግቶ መደርደር የለበትም። ስኳር በተለይ ሊታሰብበት የሚገባው ፋብሪካዎቹ በክረምት ዝናብ ምክንያት አገዳ መፍጨት አቁመው ለጥገና የሚዘጉ ስለ ሆነ ነው። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአገሪቱ የስኳር ምርት በዚሁ ወቅት ሲመላለስ ኖሯል። እንቁጣጣሽና መስቀል የሚመጡት እንግዲህ ምርቱ ቆሞ በከረመበት ሰዓት ነው።

ቀይ ሽንኩርት ከሁሉ ይብሳል። በመስኖ የሚመረተው በበጋ ነው፤ በክረምት ዝናብ ይበሰብሳል። ሆኖም ከተነቀለ በኋላ አንገቱ እስኪደርቅ በጥላ ቢሰጣና ነፋስ ከታች ወደ ላይ በሚያልፍበት የርብራብ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ዕድሜው ይረዝማል። ይህን ጎጆ ለመሥራት በጎጃም ሞልቶ የተረፈው የባሕር ዛፍ አጣናና የሣር ወይም የቆርቆሮ ክዳን ይበቃል። ዶሮ ደግሞ በመጋዘን የሚቀመጥ ነገር አይደለም። የአገር ዝርያ ዶሮ ለገበያ እስኪደርስ ግማሽ ዓመት ያህልና ከዚያም በላይ ስለሚፈጅ፣ የፋሲካው ዶሮ ጫጩት ሆኖ መፈልፈል ያለበት በመስከረምና በጥቅምት ነው። የበዓሉ ዝግጅት ለአንዱ ዕቃ የሳምንታት፣ ለሌላው የወራት ጉዳይ መሆኑን ይህ ያስረዳል።

የ2014 ዓ.ም. ፋሲካ

ፋብሪካ መኖሩ ብቻውን ከእጥረት እንደማያድን የዘይት ታሪክ በግልጽ ያሳያል። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ ከተማ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም ያለው ፊቤላ የተባለ የዘይት ፋብሪካ ተመርቆ ተከፈተ። በዚያው ዘመን በደብረ ማርቆስም ሌላ ትልቅ የዘይት ፋብሪካ ተተከለ። ደብረ ኤልያስ በሁለቱ መካከል የምትገኝ ስለ ሆነች በዘይት የመጨረሻዋ ተቸጋሪ ልትሆን በተገባ ነበር። ይሁን እንጂ በ2014 ዓ.ም. ከፋሲካ በፊት በነበሩት ወራት ዘይት በመላው አገሪቱ ተወደደ፤ ከብዙ ሱቅም ጠፋ።

ምክንያቱ ተደራራቢ ነበር። የአገር ውስጥ የኑግና የሌላው ቅባት እህል ምርት ለእነዚህ ትላልቅ ፋብሪካዎች የማይበቃ በመሆኑ ጥሬ ዘይቱ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነበር፤ ምንዛሪው ደግሞ እጥረት ነበረበት። በየካቲት ወር የዩክሬን ጦርነት ተነሥቶ የዓለም የዘይት ዋጋ ናረ። ፋሲካ ሚያዝያ 16 ቀን ዋለ፤ ዒድ አልፈጥርም ከ8 ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 24 ቀን ዋለ። በሁለቱ መካከል፣ ሚያዝያ 20 ቀን፣ ኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች፤ ክልከላውም እስከ ግንቦት አጋማሽ ቆየ። መንግሥት በዚያው ዓመት ዘይትና ስኳርን የመሳሰሉ ዕቃዎች በፍራንኮ ቫሉታ እንዲገቡ ፈቀደ። ነገር ግን መርከቡ ወደብ እስኪደርስ፣ መኪናውም ከጅቡቲ አዲስ አበባ፣ ከዚያም በዓባይ ሸለቆ ጎሐ ጽዮንን ወርዶ ደጀንን እስኪወጣ ድረስ በዓሉ አይጠብቅም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

የጦርነቱን ጊዜ አስቀድሞ ማወቅ ለማንም አይቻልም ነበር። የሁለቱ በዓላት መቀራረብ ግን ከዓመታት በፊት ሊታወቅ ይችል ነበር። የመጠባበቂያ ክምችት ጥቅሙም የታወቀውን ጭነት ተሸክሞ ላልታወቀው አደጋ ፋታ መስጠት ነው።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አለመሆኑን ለማየት በ2004 ዓ.ም. በኖርዌይ የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። በወተት ሀብቷ የታወቀችው ያች ባለጸጋ አገር፣ በእነርሱ የገና በዓል ዋዜማ ቅቤ ከመደብሮቿ ጠፋባት። የበጋው ዝናብ መኖውን አበላሽቶ ወተቱን ቀነሰ፤ ቅባት የበዛበት አመጋገብ ፋሽን ሆኖ ፍላጎቱ ጨመረ፤ ከውጭ እንዳይገባ ደግሞ የጉምሩኩ ቀረጥ ከባድ ነበር። ሀብት ነበራት፤ ለበዓሉ የተቀመጠ ቅቤ ግን አልነበራትም።

ክምችትና ድብቅ ክምችት

በኢትዮጵያ የበዓል እጥረትን ለመከላከል ብዙ ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ ዋጋን መገደብና መጋዘን መፈተሽ ነው። በ2003 ዓ.ም. አጋማሽ በመሠረታዊ የፍጆታ ዕቃዎች ላይ የዋጋ ጣሪያ ወጥቶ ነበር። አንዳንዱ ዕቃ ከመደርደሪያ ስለ ጠፋ፣ ጣሪያው ከጥቂት ወራት በኋላ ከአብዛኞቹ ላይ ተነሣ። አዋጅ ቁጥር 813/2006ም እጥረት የታየበትን ሸቀጥ ማከማቸትን ይከለክላል። የሕጉ ዓላማ ሸማቹን ከስግብግብ ለመጠበቅ ነውና የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በአፈጻጸሙ ጥንቃቄ ከጎደለ፣ ለፋሲካ ብሎ በጾሙ መግቢያ 60 ጀሪካን ያስቀመጠው ጠንቃቃ ባለ ሱቅ ዋጋ እስኪንር ከደበቀው ጋር በአንድ ዓይን ይታያል። ያን ጊዜ ጠንቃቃው ማስቀመጡን ይተዋል፤ የሚቀረው የደባቂው ክምችት ብቻ ይሆናል።

የሁለቱ ልዩነት በመጠን አይደለም፤ በመታወቅና ባለመታወቅ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ክምችትን ማጥፋት ሳይሆን ክምችትን ማስመዝገብ ነው። ለዚህም አራት ነገሮች ይበቃሉ።

አንደኛ፣ በየወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት የሁለቱም ሃይማኖት በዓላት የተጻፉበት የሦስት ዓመት ሰሌዳ ይዘጋጅ። በሰሌዳው ላይ የበዓሉ ቀን ብቻ ሳይሆን፣ ወደ ኋላ ተቆጥሮ እያንዳንዱ ዕቃ የሚታዘዝበት ቀን ይጻፍ። ለ2019 ዓ.ም. ፋሲካ የዘይት ማስቀመጥ የሚጀመረው ጾሙ በሚገባበት በየካቲት 29 ቀን ነው።

ሁለተኛ፣ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ፈቃደኛ ባለ ሱቆች የበዓል ክምችታቸውን በመዝገብ ያሳውቁ፤ ከፍ ያለው መጠንና የሚሸጥበት ሳምንት ተወስኖ በይፋ በሰሌዳ ይለጠፍ። የተመዘገበ ክምችት በሕግ የተጠበቀ ይሁን፤ ያልተመዘገበውም ይጠየቅበት።

ሦስተኛ፣ ለዚሁ ክምችት የሚሆን የአጭር ጊዜ ብድር ይታሰብ። ባለ ሱቁ ገንዘቡን ስድስት ሳምንት በጀሪካን ላይ አስሮ መቆየት ስለማይችል ነውና አስቀድሞ የማያስቀምጠው።

አራተኛ፣ ከክምችቱ ከፊሉ ለመጨረሻው የገበያ ቀን ተለይቶ፣ በኩባያ ለሚገዛው ሰው ይቆይ። ይህ ካልተደረገ ክምችቱ አስቀድሞ ለመጣው ባለ ገንዘብ ብቻ ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ ቢደረግም ችግሩ ከሥሩ ይነቀላል ማለት አይደለም። የውጭ ምንዛሪን እጥረት መጋዘን አያስወግደውም፤ ለዚያ የሚበጀው የኑግና የሰሊጥ እርሻን ማስፋት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋባቸው ጊዜያት የታየውንም ጉዳት የሚጠግነው ሰላም እንጂ ሰሌዳ አይደለም። ቢሆንም መንገድ ሊዘጋ በሚችልበት አገር በየከተማው የስድስት ሳምንት ቅምጥ መኖሩ ከወትሮው ይልቅ አስፈላጊ ይሆናል። በዓባይ ሸለቆ ያለው አዲሱ ድልድይ 303 ሜትር ርዝመት አለው፤ ከእርሱ ማዶና ማዶ ያለው የሸለቆ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ በዚያ በኩል የሚመጣው የምሥራቅ ጎጃም ሸቀጥ በዚህች አንዲት ቀጭን መስመር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የማኅበሩ አባላት በየክልሉና በየዞኑ መሥሪያ ቤት ይገኛሉ። ለግድብና ለድልድይ የሚያውሉት የጭነት ስሌት ለስኳር ጆንያና ለዘይት ጀሪካንም ይሠራል። የአገራችን ሴቶች የበርበሬውን መጠን ቀድሞ መጥኖ መደቆስ እንደሚገባ፣ ድስት ከተጣደ በኋላ ማልቀስም እንደማይጠቅም ሲናገሩ ኖረዋል። የሚቀረው ይህን ምክር ከማእድ ቤት ወደ መጋዘን አሸጋግሮ፣ በቁጥር ጽፎ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው።