ከወልድያ እስከ ታጁራ፤ በባቡርና በመርከብ ስለሚደረግ የክረምት ጉዞ ዕቅድ

(በመርሳ ግቢ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ከትምህርት በኋላ ካርታ ዘርግተን ስንከራከር ያያችሁን ሁሉ «እነዚህ ልጆች አውሮፓ ሊሄዱ ነው» ማለታችሁን ሰምተናል። ሐሜቱ ከመሠረቱ ሐሰት አይደለም። ክርክራችን የተነሣው በእርግጥ ከአውሮፓ ነው። በዚያ አገር ተማሪው ፈተናውን ጨርሶ ቦርሳውን በጀርባው አዝሎ፣ ከከተማ ወደ ከተማ በባቡር፣ ባሕር ሲያጋጥመው በመርከብ እየተሻገረ የዕረፍቱን ወራት ያሳልፋል። እነርሱ በጋ የሚሉት የእኛን ክረምት መሆኑን ልብ ይሏል። ለዚህ ጉዞ ኢንተርሬይል የተባለው ትኬት እ.ኤ.አ. በ1972 ሲወጣ ዕድሜያቸው እስከ 21 ለሆኑ ወጣቶች ብቻ ነበር፤ በ21 አገሮች ሐዲድ ላይ ለአንድ ወር ያመላልስ ነበር። ዛሬ የዕድሜው ገደብ ተነሥቷል፤ ከዚህም በላይ ትኬቱ የሚሰጠው በአውሮፓ ለሚኖር ሰው ሁሉ ስለሆነ፣ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ በሕጋዊ ፈቃድ እዚያ የሚማር ኢትዮጵያዊም ሊገዛው ይችላል። ከመካከላችሁ ይህ ዕድል የሚደርሳችሁ ትኖራላችሁና ይህን ያዙልን።

ነገር ግን እኛ ያለነው ሐብሩ ላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን አዞርነው። ከዚህ ከመርሳ ተነሥቶ በባቡርና በመርከብ ብዙ ከተሞችን የሚያዳርስ የክረምት ጉዞ ማድረግ ይቻላል ወይ? ይቻላል የሚል ሐሳብ ይዘን ቀርበናል፤ እንዴት እንደሚቻልም እንገልጻለን።

በመጀመሪያ የአውሮፓውን ዕቅድ ስንመረምር ያገኘነውን አንድ ነገር እንናገር። ጉዞ የሚያቅድ ሰው ሁሉ የሚጀምረው የሚያያቸውን ከተሞች በመቁጠር ነው፤ ፓሪስ፣ ሮማ፣ አቴንስ እያለ ይጽፋል። ጉዞውን የሚያበላሹት ግን ከተሞቹ አይደሉም፤ በከተማና በከተማ መካከል ያሉት መጋጠሚያዎች ናቸው። ለምሳሌ ከኢጣልያ ወደብ በመርከብ ተነሥቶ ግሪክ አገር ፓትራስ የደረሰ ሰው፣ ወደ አቴንስ የሚወስደውን ባቡር ለመያዝ አስቀድሞ አውቶቡስ መሳፈር ግድ ይሆንበታል። መርከቡ ቢዘገይ አውቶቡሱ ያመልጠዋል፤ አውቶቡሱ ሲያመልጠው ባቡሩም ያመልጠዋል፤ በአቴንስ የያዘው አልጋም ባዶውን ያድራል። በሌላው በኩል ወደ ሲሲሊ የሚሄደው ባቡር በመሲና የባሕር ወሽመጥ ላይ ሲደርስ ፉርጎዎቹ ከነመንገደኞቻቸው መርከብ ላይ ተጭነው ይሻገራሉ። ተጓዡ ከወንበሩ ሳይነሣ ባሕር ተሻገረ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ዓይነት ባሕር፣ አንድ ዓይነት ባቡር፤ ልዩነቱ መጋጠሚያው ላይ ነው።

ይህን ዓይነት ጉዞ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አድርገን እንዳናየው ታሪክ ይከለክለናል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን በሚያዝያ ወር 1916 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው ጅቡቲ ወረዱ፤ ከዚያም በመርከብ ቀይ ባሕርን አቋርጠው ኢየሩሳሌምንና ግብፅን አዩ። ቀጥሎ ፓሪስን፣ ብራስልስን፣ ስቶክሆልምን፣ ሮማን፣ ለንደንን፣ ጄኔቭንና አቴንስን ጐብኝተው ክረምቱ ሲያልቅ ተመለሱ። ከተከተሏቸው መኳንንት መካከል ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትና ራስ ሥዩም መንገሻ ይገኙ ነበር። ኋላ ብላቴን ጌታ የተባሉት ኅሩይ ወልደ ሥላሴም አብረው ነበሩ። ለስጦታ የተያዙ አንበሶችም ነበሩ፤ የእኛን ዕቃ ከባድ ነው ለምትሉ ጓደኞቻችን ይህን እናስታውሳለን።

ከዚህ ጉዞ ለዕቅድ የሚሆን ሁለት ነገር ወስደናል። አንደኛ፣ ቀኑ የተቈረጠው በማይነቃነቀው ነገር ነበር። ፋሲካን በኢየሩሳሌም ለማክበር ስለታሰበ የቀረው ሁሉ ወደዚያ ቀን ተስተካከለ። ሁለተኛ፣ የአስተናጋጁን አገር ሁኔታ ማንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። በዚያው እ.ኤ.አ. 1924 ግንቦት ላይ በፈረንሳይ አገር ምርጫ ተደርጎ የነበረው መንግሥት ተሸነፈ፤ ሰኔ ላይ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ከሥልጣን ለቀቁ። ለኢትዮጵያ የባሕር በር ለማግኘት የመጣ እንግዳ ያጋጠመው እንዲህ ያለ ወቅት ነበር፤ የወደቡም ነገር ሳይፈጸም ቀረ። እዚህ ላይ ብዙ መናገር ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ፖለቲካው ሌላ ቀን ይጠብቀን።

አሁን ወደ ራሳችን መንገድ እንመለስ።

ከመርሳ ብዙ ሳንርቅ ሐራ ገበያ ላይ የሐዲድ መንገድ አለ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ እንዲደርስ የታሰበው ይህ መሥመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ውሉ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአንድ የቱርክ ኩባንያ ጋር ተፈርሞ ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ሌላው መሥመር ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ የሚወጣው ነው። ተራራ ተበሳ፤ ድልድይ ተሠራ፤ ግንቡ ታየ። ነገር ግን ለሐዲዱ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ዘገየ፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ አካባቢያችንን ሲያዳርስ በመሥመሩም ላይ ዘረፋና ጉዳት ደረሰ። የወልድያ ዩኒቨርሲቲያችንም በዚያን ጊዜ ምን እንደደረሰበት ለዚህ ጉባዔ መንገር አያስፈልግም። መንገደኛ የሚጭን ባቡር እስከ ዛሬ ከሐራ አልተነሣም።

ይህ ለዕቅዳችን ምን ማለት ነው? ሐዲዱ ቢሠራ ኖሮ ከሐራ ገበያ ተነሥተን አዋሽ ላይ ባቡር ለውጠን በቀጥታ ወደ ድሬዳዋ እንወርድ ነበር። አሁን ግን ከወልድያ እስከ አዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ወደ ደቡብ ሄደን፣ ከዚያ በባቡር እንደገና ወደ ምሥራቅ መመለስ አለብን። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌና በገዋኔ በኩል አዋሽ መውረድ ይሻላል ያሉም ነበሩ፤ የባቲን የሰኞ ገበያ ማየት እንዴት ያለ መልካም ነገር እንደሆነ አስረድተውናል። ሁለት ምሽት ከተከራከርን በኋላ ባቲ ተሸነፈች። ምክንያቱም ባቡሩ ከሚነሣበት ቦታ የተሳፈረ ሰው ወንበሩን አይቶ ይቀመጣል፤ መንገድ ላይ የሚጠብቅ ግን የሰው ትራፊ ይጠብቃል።

የጉዞው ቅደም ተከተል እንግዲህ እንዲህ ይሆናል። ከመርሳ ወደ ውጫሌ፤ የ1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመበትን ሥፍራ አይቶ ማለፍ። ከዚያ ሐይቅ፤ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም። ቀጥሎ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ አዲስ አበባ። በባቡር ድሬዳዋ፤ ከድሬዳዋ በመኪና ሐረርን ጐብኝቶ መመለስ። እንደገና በባቡር ጅቡቲ። ከጅቡቲ በመርከብ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ አቋርጦ ታጁራ፤ ጊዜ ከተገኘ ኦቦክ።

ታጁራን ለምን መረጣችሁ ብላችሁ ጠይቃችሁናል። የቀድሞው የሸዋ ሲራራ ነጋዴ ከባሕር የሚገናኘው በዚያ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ መሣሪያ ለመሸጥ ግመሎቹን ሲያሰናዳ ወራት የቈየው ታጁራ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1885 እና በ1886 መሆኑ ነው። እርሱም በመጋጠሚያ የተሠቃየ መንገደኛ ነበር። ግመል ሲገኝ ፈቃድ ይጠፋል፤ ፈቃድ ሲገኝ ሸሪኩ ይታመማል።

ስለ ባቡሩ ጥቂት እናክል። አሮጌው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በሦስቱም ከተሞች ጣቢያው መሐል ከተማ ነበር፤ ለገሐር የምንለውም ስም ከፈረንሳይኛው ላ ጋር የመጣ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 ተመረቀና በ2018 መደበኛ ሥራ ጀመረ። ፈጣን ነው፤ ወንበሩም መልካም ነው። ጣቢያዎቹ ግን ከከተማ ወጥተዋል። በአዲስ አበባ ፉሪ ለቡ ነው፤ የድሬዳዋው ከአሮጌው ጣቢያ ርቆ ሜዳ ላይ ነው፤ የጅቡቲውም ናጋድ ከከተማው ወጣ ብሎ ይገኛል። መንገደኛው በሐዲዱ ላይ ያተረፈውን ሰዓት ታክሲ ሲፈልግ ይከፍለዋል። ስለዚህ በዕቅዳችን ላይ ከእያንዳንዱ ጣቢያ አጠገብ «ወደ ከተማ በምን?» የሚል ጥያቄ ጽፈናል፤ ማታ ሜዳ ላይ ወርዶ ከባጃጅ ነጂ ጋር ዋጋ መከራከር ደስ የማይል ነገር ነውና። ወደ ጅቡቲ የሚያልፈው ባቡርም በየቀኑ ላይነሣ ስለሚችል፣ ቀኑ ከጣቢያው ተጠይቆ ከመርከቡ ቀን ጋር መገጣጠም አለበት። የማይነቃነቀው ቀን ይህ ነው፤ የቀረው ሁሉ ወደ እርሱ ይስተካከላል። ፓስፖርትና የመግቢያ ፈቃድም ከትኬቱ በፊት ይታሰባሉ እንጂ በኋላ አይደለም።

ሌላው የአየሩ ነገር ነው። እኛ ሐምሌና ነሐሴ ከጭቃ ጋር ስንታገል ጅቡቲ በእሳት ውስጥ ናት፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። የከተማው ነዋሪዎች አቅም ያላቸው በዚያን ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ይሸሻሉ። ከዚህ የምንረዳው ሙቀቱን ብቻ አይደለም። ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲወጣ እኛ ወደ ታች ስለምንወርድ ስንሄድ ወንበር አይጨንቀንም፤ ስንመለስ ግን ቤተ ሰቡ ሁሉ ከእኛ ጋር ይሳፈራል። ስለዚህ የመመለሻው ትኬት ከመሄጃው በፊት ይገዛል። ገንዘቡም በዚሁ ሐሳብ ተከፍሏል፤ የመመለሻው ብር ተለይቶ በሁለት ሰው እጅ ይቀመጣል፤ ቢራብም ቢጠማም አይነካም። ስንቁ በሶና ዳቦ ቈሎ ነው፤ የመርሳን ብርቱካን ግን እስከ ድሬዳዋ እንኳ አታደርሱትም፤ አዲስ አበባ ሳንገባ ያልቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንድረስ። ከመምህራኖቻችን አንዱ፣ ከተማሪዎችም ብዙዎች፣ «ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት የወልድያ ደሴ መንገድ ስንት ጊዜ ተዘጋ? ወላጅ ልጁ ግቢ መድረሱን ሳያውቅ ስንት ቀን አደረ? በዚህ ጊዜ ስለ መርከብ ማውራት ቅብጠት ነው» ብለውናል። ተቃውሞውን አንንቀውም። ከእኛ መካከል ወደ ቤቱ ለመድረስ የሳምንት ቀን የፈጀበት አለ። የእኛ መልስ ግን ይህ ነው። ዕቅዱን በመጋጠሚያዎቹ ስንሠራው ከሁሉ የደከመው መጋጠሚያ ጅቡቲ ወደብ ላይ ሳይሆን እዚሁ በመርሳና በደሴ መካከል ሆኖ ተገኘ። ባሕሩ አላስፈራንም፤ ያስፈራን ዘጠና ኪሎ ሜትሩ ነው። ይህን በወረቀት ላይ ማየት በራሱ ቁም ነገር ነው። ስለዚህ ጉዞው የሚጀመረው መንገዱ ለተከታታይ ሁለት ሳምንት ሰላም ሆኖ፣ ሾፌሮቹም መናኸሪያው ላይ ያለ ሥጋት ሲጭኑ ካየን ብቻ ነው። ይህ ካልሆነ ዘንድሮ አንሄድም፤ ዕቅዱ ግን በየሳምንቱ እየታረመ ይቈያል። ወላጆች «አይሆንም» ያሉበት ተማሪም አይሄድም፤ በዚህ ላይ ድምፅ አልሰጠንም፤ ሁላችንም አስቀድመን ተስማምተናል።

እንግዲህ ሥራው ተከፋፍሏል። ሁለት ልጆች የባቡሩን ቀን፣ ሁለት የመርከቡን፣ አንዲት እኅታችን የኤምባሲውን ጉዳይ ይዛለች። የጐደለን ፈረንሳይኛ የሚናገር ሰው ነው፤ አፋርኛ ወይም ሶማልኛ የሚያውቅ ቢገኝ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለናል። እንዲህ ያለ ሰው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ ያግኘን፤ ካርታው እዚያ ይዘረጋል።