የስኳር በሽታና የቤታችን ምግብ



በ1984 በተጀመረው ዘመቻ ሙሴና በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ስንገባ፣ የስኳር በሽታ በመካከላችን እምብዛም አይታወቅም ነበር። እዚህ በቆየን መጠን ግን የሚያዘው ሰው እየበዛ ሄደ። በሽታው ክትትል ካላገኘ ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ልብንና እግርን ይጎዳል።

«ያመጣብን እንጀራችን ነው» የሚሉ አሉ። እስቲ አብረን እንየው። በአገር ቤት ጤፉም ዳጉሳውም ከነገለባው ይፈጭ ነበር። ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው የዕለት ምግባችን ነበር። በእነዚህ ውስጥ ያለው አሰር፣ ፋይበር የሚባለው፣ ስኳሩ ቀስ ብሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል። ገበያውም፣ ወንዙም፣ እርሻውም በእግር ነበር። እዚህ ግን በብዙ ቤት እንጀራው የሚጋገረው በነጭ የስንዴ ዱቄት ነው። ገለባው ስለወጣለት ቶሎ ስኳር ይሆናል። በዚያ ላይ ለስላሳው ተጨመረ። አንድ 330 ሚሊ ሊትር የኮላ ጣሳ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ይህም ወደ 9 የሻይ ማንኪያ ይጠጋል።

«እኔ ቀጭን ነኝ፣ አይዘኝም» ማለትም አያዋጣም። በማኅበረሰባችን ውፍረት የሌላቸው ሰዎችም ይያዛሉ።

ስለዚህ የምንመክረው ይህን ነው፦

ለእንጀራው ጤፍ፣ ወይም ቄማኽ ማሌ የሚባለውን ያልተነጠረ ዱቄት ቀላቅሉ። ጤፍም ቢሆን ሲበዛ ስኳር ይጨምራልና እንጀራውን ቀንሳችሁ ምስሩን፣ ጎመኑንና ሰላጣውን አብዙ። የወጡን ዘይትና ጨው መጥኑ።

ለእንግዳ ውኃ ማቅረብ ነውር አይደለም፤ ሎሚ ጨምቁበት። ጭማቂም ስኳር ነው፤ ፍሬውን መብላት ይሻላል። ከ2020 ጀምሮ በእስራኤል በታሸጉ ምግቦች ላይ ያለው ክብ ቀይ ምልክት ስኳር፣ ጨው ወይም ጎጂ ስብ መብዛቱን ይናገራል። ዕብራይስጥ ለማያነቡ ወላጆች ልጆች ያሳዩአቸው።

መድኃኒት የጀመራችሁ፣ ምግብ ስላስተካከላችሁ ብቻ በራሳችሁ አታቋርጡ። ጾም ሲመጣም አስቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ። በሽታው ሳይሰማን ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ በየቁፓት ሖሊማችሁ ደማችሁን አስመርመሩ።

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ነውና፣ ከዛሬው ማዕድ እንጀምር።