የምርጫ ክልልን ወሰን ማን ያስምረው?

(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ጉባኤ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ በኅብረታችን ስም የምናቀርበው ጉዳይ በምርጫ ሰሞን እምብዛም የማይነሣ ጉዳይ ነው። ምርጫ ሲቃረብ ሁላችንም የምንጠይቀው ማን ይወዳደራል፣ ማን ያሸንፋል፣ ኮሮጆውን ማን ይጠብቃል እያልን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ኮሮጆው ከመቀመጡ በፊት፣ ተወዳዳሪውም ከመታወቁ በፊት፣ በካርታ ላይ መስመር ተሰምሮ «እናንተ ከዚህ ወዲህ፣ እናንተ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ትመርጣላችሁ» ተብለን ተከፋፍለናል። ይህ መስመር ከተዛባ የድምፁ ቆጠራ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ውጤቱ የተዛባ ይሆናል።

በገጠራችን ድንበር ገፊ የተጠላ ሰው ነው። በየዓመቱ አንድ ትልም እየጨመረ ያርስና ከጊዜ በኋላ የጎረቤቱን ማሳ የራሱ ያደርገዋል። የኛ ችግር ግን የዚህ ተገላቢጦሽ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን። በምርጫ ክልል ጉዳይ ድንበሩን የነካው ሰው ብቻ ሳይሆን ድንበሩን ሳይነካ የተወው ሰውም የሌላውን ድርሻ ይወስዳል። ሕዝብ ይጨምራል፣ ይፈልሳል፣ ከተማ ይቈረቁራል፤ መስመሩ ግን ባለበት ይቆማል።

በመጀመሪያ ከሕጉ እንነሣ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሀገሪቱ ግዛት እያንዳንዳቸው በተቻለ መጠን 200 ሺህ ያህል ነዋሪ በሚይዙ የምርጫ ክልሎች እንዲከፈልና ከእያንዳንዱም ሁለት እንደራሴዎች እንዲመረጡ ደንግጎ ነበር። በዚሁ መሠረት የመጀመሪያው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ተደረገ። ይሁንና መላው የሀገሪቱ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆጠረው በ1976 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ 200 ሺህ የሚለው ቁጥር በሕግ ሲጻፍ ማን የት እንደሚኖር የሚያሳይ መዝገብ አልነበረም ማለት ነው። መስፈሪያው ተሠራ፤ የሚሰፈረው ግን አልታወቀም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ይህን ጉድለት ለመድፈን የተሻለ መንገድ ቀየሰ። በአንቀጽ 103 መሠረት የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል፤ የቆጠራውን ውጤት መሠረት በማድረግ ምርጫ ቦርድ ረቂቅ ያቀርባል፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም የምርጫ ክልሎችን አከላለል ይወስናል። በአንቀጽ 54 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ፣ ከዚህም ውስጥ አናሳ ብሔረሰቦች ከ20 የማያንስ መቀመጫ እንዲኖራቸው ተደንግጓል። በወረቀት ላይ ይህ መልካም ሥርዓት ነው። ቆጥር፣ አካፍል፣ አስምር ይላል።

በሥራ ላይ የዋለው ግን ምን ይመስላል? በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ሕዝባችን 53 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ወደ 74 ሚሊዮን ተጠግቷል። በመካከሉ 20 ሚሊዮን ሕዝብ ተጨምሯል። ከዚህ ሁለተኛ ቆጠራ በኋላ በ2002 እና በ2007 ዓ.ም. ምርጫዎች ተካሂደዋል፤ ለየአካባቢው የተመደበው መቀመጫ ግን እንደ ቀድሞው ነበር፤ ድምሩም ያው 547 ነው። ስለዚህ «ቆጠራ ስላልተደረገ ነው» የሚለው ምክንያት ለዛሬው ይሠራ ይሆናል እንጂ ለዚያን ጊዜው አይሠራም። ቆጠራው ተደርጎ ነበር። የተቆጠረው ግን አልተካፈለም።

ቁጥሩን በግልጽ እንመልከተው። በ1999ኙ ቆጠራ መሠረት ሕዝቡን ለ547 መቀመጫ ብናካፍለው ለአንድ መቀመጫ 135 ሺህ ገደማ ሰው ይደርሳል። አዲስ አበባ 2 ሚሊዮን 7 መቶ ሺህ ያህል ነዋሪ ይዛ 23 መቀመጫ አላት። የሶማሌ ክልላዊ መንግሥት 4 ሚሊዮን 4 መቶ ሺህ ያህል ነዋሪ ይዞ ያለው መቀመጫ 23 ነው። ይኸውም በአዲስ አበባ አንድ እንደራሴ 119 ሺህ ያህል ሰው ሲወክል በሶማሌ አንዱ 193 ሺህ ያህል ይወክላል ማለት ነው። በአፋርና በድሬዳዋ አንዱ መቀመጫ ከ170 ሺህ በላይ፣ በኦሮሚያ 150 ሺህ ገደማ ሰው ይዟል። በአማራ 125 ሺህ፣ በቀድሞው የደቡብ ክልል 120 ሺህ፣ በትግራይ 114 ሺህ ገደማ ነው። ከአማካዩ በላይ የተጫነባቸውም ሆኑ የቀለለላቸው የአንድ ወገን ወይም የአንድ ቋንቋ ሰዎች አይደሉም። ስለዚህ ይህን ጥያቄ የአንድ ብሔር አቤቱታ አድርጎ ለማጥላላት የሚሞክር ካለ ሠንጠረዡን በጥሞና ያንብብ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። እኛ ይህን የምንናገረው አዲስ አበባ ላይ ቆመን ነው። በዚያ ቆጠራ በመደዳው ቢካፈል ኖሮ ከተማችን ከ23 መቀመጫዎቿ ሦስት ያህል ታጣ ነበር፤ ሶማሌ ደግሞ አሥር ያህል ያገኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማይቱ በጣም ሰፍታለች፤ አዲስ ቆጠራ ምናልባት የሚያደላው ወደ እርሷ ይሆናል፤ ምናልባትም አይሆንም። እኛ ግን ጥያቄውን የምናነሣው የሚደርሰንን አስልተን አይደለም። ሚዛን የሚፈለገው ያንዱን ወገን ለማክበድ ከሆነ ሚዛን መሆኑ ይቀራል።

በ2009 ዓ.ም. ግድም መካሄድ የነበረበት ቆጠራ ደግሞ ጭራሹን ተላለፈ። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና አራዘሙት። የ2013ቱ ምርጫም 547ቱ መቀመጫዎች እንዳሉ ሆነው ተደረገ። በ1999 ዓ.ም. ሲቆጠር ገና ያልተወለደ ልጅ ዛሬ ለመምረጥ ዕድሜው ደርሷል። ይህ ወጣት በማንኛውም የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ውስጥ ሳይገባ ኮሮጆ ፊት ይቆማል።

ይህ በሽታ የኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ሀገር እስከ 1832 እ.ኤ.አ. ድረስ ኦልድ ሳረም የተባለ ሰው የማይኖርበት ኮረብታ ሁለት እንደራሴ ይልክ ነበር፤ ፋብሪካ የሞላበት ማንቸስተር ግን የራሱ እንደራሴ አልነበረውም። በአሜሪካ የቴኔሲ ግዛት ሕገ መንግሥቱ በየአሥር ዓመቱ ድልድሉ እንዲታደስ ሲያዝ ከ1901 እ.ኤ.አ. በኋላ ለስድሳ ዓመታት ሳይታደስ ቆየ። ሊያድሱት የሚችሉት በአሮጌው ድልድል የተመረጡት እንደራሴዎች ነበሩና ማን በገዛ እጁ ወንበሩን ይለቃል? ዜጎች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ1962 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሊታይ እንደሚችል ወሰነ፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ደግሞ ምክር ቤት የሚወክለው ሰውን እንጂ ዛፍንና መሬትን ስላልሆነ የየክልሉ ሕዝብ ተቀራራቢ ይሁን ሲል ፈረደ።

ቁጥር ማስተካከል ብቻውን በቂ አለመሆኑን የሚያሳየን ደግሞ የማሳቹሴትስ ታሪክ ነው። በ1812 እ.ኤ.አ. በአገረ ገዢው በኤልብሪጅ ጌሪ ዘመን አንድ የምርጫ ክልል ለፓርቲ ጥቅም ሲባል እንደ እንሽላሊት ተጣሞ ተሰመረ፤ ይህ ዓይነቱ ማጣመም እስከ ዛሬ በሰውየው ስም ይጠራል። ስለዚህ ስንት ሰው በክልሉ እንዳለ ብቻ ሳይሆን መስመሩን ማን እንደ ያዘውም መጠየቅ አለብን። አባቱ ዳኛ ልጁ ቀማኛ ከሆነ አቤቱታ ወዴት ይባላል?

እንግሊዞች ከ1944 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወሰኑን የሚያጠኑ ቋሚ ኮሚሽኖች አቁመዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ከጥቂት ደሴቶችና ከመሰል ልዩ ሁኔታዎች በቀር የአንድ ክልል መራጮች ቁጥር ከአማካዩ ከመቶ አምስት በላይ እንዳይርቅ ወሰኑ። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኮሚሽኖቹ ውሳኔ የፓርላማ ድምፅ ሳያስፈልገው እንዲጸና አደረጉ። የፓርላማ አባሎች የገዛ ወንበራቸው ወሰን ላይ ድምፅ መስጠታቸው ቀረ።

ወደ ሀገራችን እንመለስ። እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ለሥራው የጊዜ ገደብ ይበጅለት። ሕገ መንግሥቱ ለቆጠራው አሥር ዓመት ብሏል፤ ከቆጠራው በኋላ ግን ረቂቁ በስንት ወር እንዲቀርብና ውሳኔው በስንት ወር እንዲሰጥ በሕግ ተቈጥሮ ይቀመጥ። የ1999ኙ ቆጠራ ፍሬ ሳያፈራ የቀረው እንዲህ ያለ አስገዳጅ ቀጠሮ ስላልነበረው ነው ብለን እናምናለን።

ሁለተኛ፣ የልዩነቱ መጠን በቁጥር ይገለጽ። ለምሳሌ ከአማካዩ ከመቶ አሥር በላይ መራቅ አይፈቀድ። ከዚህ የሚወጣው ለአናሳ ብሔረሰቦች የተጠበቀው መቀመጫ ብቻ ሆኖ ምክንያቱም በስም ተጠቅሶ ይጻፍ። አንዳንዶች ሰፊና ሕዝቡ የተበታተነበት አገር ለብቻው መታየት አለበት ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን በኛ ሀገር በጣም ሰፊ በሆኑት በአርብቶ አደሩ አካባቢዎች አንዱ እንደራሴ የሚወክለው ሰውም ከሌላው ይበልጣል። መንገዱም ረዘመ፣ ሕዝቡም በዛ።

ሦስተኛ፣ ሥራው በአደባባይ ይሁን። ረቂቁ ካርታ ከነሕዝብ ቁጥሩ በየወረዳው ተለጥፎ ሕዝቡ ተቃውሞውን የሚያቀርብበት ቀን ይወሰን። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባሎች የሚላኩት ከክልል ምክር ቤቶች ነው፤ እያንዳንዱ ብሔርም በየአንድ ሚሊዮን ሕዝቡ ተጨማሪ ወኪል ስለሚያገኝ ምክር ቤቱ ራሱ በቆጠራው ውጤት የሚነካ ነው። ስለዚህ ምክር ቤቱ ረቂቁን ማጽደቅ ወይም ምክንያቱን በጽሑፍ አስፍሮ ለቦርዱ መመለስ ይቻለው እንጂ መስመሩን ራሱ አይጠምዝዝ።

ተቃውሞ እንደሚኖር እናውቃለን። ከ550 ጣሪያ የቀረው ሦስት መቀመጫ ብቻ ስለሆነ ለአንዱ ሲጨመር ከሌላው መቀነሱ አይቀርም። ደግሞም ሰላም ባልሰፈነበት፣ ብዙ ሰው ከቀዬው በተፈናቀለበት ጊዜ እንዴት ይቆጠራል የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ተፈናቃዩ የት ይቆጠር የሚለውም በሕግ አስቀድሞ መመለስ አለበት። ነገር ግን ማቆየት ገለልተኝነት አይደለም። የቆየው ድልድልም ለአንዱ የሚሰጥ፣ ከሌላው የሚወስድ ውሳኔ ነው፤ ልዩነቱ ውሳኔውን የፈረመ ሰው አለመኖሩ ነው።

ውድ ጓደኞቻችን፣ የሕግ ተማሪው አንቀጹን፣ የጂኦግራፊ ተማሪው ካርታውን፣ የስታቲስቲክስ ተማሪው ቁጥሩን ያውቃል። ኅብረታችን ከየክፍሉ ተማሪ ያለበት አንድ ኮሚቴ እንዲያቋቁም፣ መምህራኖቻችንም እንዲያርሙን እንጠይቃለን። ኮሚቴው የታተሙትን የቆጠራ መዝገቦች ይዞ ለ547ቱም የምርጫ ክልሎች እያንዳንዳቸው ስንት ሰው እንደያዙ ሠንጠረዥ ያውጣ። ሠንጠረዡም ለምርጫ ቦርድና ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይላክ፤ በዚህ ጋዜጣም ይታተም። እያንዳንዱ ተማሪ ለዕረፍት ወደ ወረዳው ሲመለስ የወላጆቹ ድምፅ ስንት ሰው ተጋርቶት እንደሚመዘን በቁጥር ይንገራቸው።