የጉባው ግድብና የኢሳይያስ ትንቢት

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት በአሶሳ የቀረበ)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ አንዳንዶቻችሁን ቅር ሊያሰኝ ይችል ይሆናል። ይሁን እንጂ በየመኝታ ክፍሉና በየቡናው ዙሪያ ሳይነሣ የሚያልፍበት ቀን ስለሌለ፣ በሹክሹክታ ከሚወራ በአደባባይ ቢመረመር ይሻላል ብለናል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ፣ ይልቁንም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ፣ «ይህ እኮ በኢሳይያስ ምዕራፍ 19 የተነገረ ነው፤ የግብፅ ወንዝ ይደርቃል የተባለው ይኸው ተፈጸመ» የሚሉ ሰዎች በርክተዋል። ግድቡ ያለው በኛው ክልል፣ በመተከል ዞን በጉባ ወረዳ ነውና፣ ነገሩን ለመመርመር ከኛ የቀረበ ማን አለ?

አሳባችን እምነትን ለማቃለል አለመሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን። ይህን ንግግር ካዘጋጀነው መካከል የሚሰግድም፣ የሚያስቀድስም፣ በጸሎት ቤት የሚዘምርም አለ። የሁላችንም ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው «ትንቢቱ ተፈጸመ» ሲለን ምን ምን ማስረጃ እንጠይቀው የሚል ነው።

እስቲ ምዕራፉን ገልጠን እንመልከት። ነቢዩ የግብፅ ወንዝ ጎድሎ እንደሚደርቅ፣ ዓሣ አጥማጆች እንደሚያዝኑ፣ የተልባ እግር የሚፈትሉ እንደሚያፍሩ ይናገራል። ግድብ የሚል ቃል ግን የለም። ኩሽ ወይም ኢትዮጵያ የሚል ስምም ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው አልተጠራም። ኩሽ የተጠራው ከፊቱ በምዕራፍ 18፣ ከኋላውም በምዕራፍ 20 ነው፤ በምዕራፍ 20 ደግሞ ኩሽ ከግብፅ ጋር አብሮ በአሦር ንጉሥ ሲማረክ እናገኘዋለን። ያንን ምዕራፍ «ስለኛ የተነገረ ነው» ብሎ የሚሰብክ እስከ ዛሬ አልሰማንም! በዚያን ዘመን ኩሽ የተባለውም ከኛ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በዛሬዋ ሱዳን በዓባይ ዳር የነበረው መንግሥት ነው፤ መዲናው ናፓታ ስትሆን ነገሥታቱም ግብፅን እስከ መግዛት ደርሰው ነበር።

ምዕራፉ ስለ አሦርም ይናገራል። ከግብፅ ወደ አሦር መንገድ እንደሚከፈት፣ ግብፅና አሦር ከእስራኤል ጋር በአንድነት እንደሚባረኩ ይገልጻል። የአሦር ከተማ ነነዌ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ዓመት ወድቃለች፤ መንግሥቱም ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ጠፍቷል። የቁጥር 5ን ውሃ ወደ 2017 ዓ.ም. የሚያመጣ ሰው የቁጥር 23ን አሦር ከየት ሊያመጣው ነው? በቁጥር 25 ደግሞ ግብፅ የአምላክ ሕዝብ ተብላ ትባረካለች። ድርቁን እየጠቀሱ ደስ የሚላቸው ሰዎች ምነው እዚያ ሳይደርሱ መጽሐፉን ይዘጉታል?

የዓባይ ውሃም ያለ ግድብ ብዙ ጊዜ ጎድሏል። በ11ኛው መቶ ዓመት በከሊፋው በአል ሙስታንሲር ዘመን በግብፅ ለሰባት ዓመት ያህል ብርቱ ረኃብ ሆነ፤ በኋላም ውሃው እንዲለቀቅላቸው ለመለመን የግብፁ ፓትርያርክ ወደ ኢትዮጵያ ንጉሥ እንደ ተላከ በአረብኛ ታሪክ ተጽፏል። በኛው በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዘመን ደግሞ ከአስዋን ግድብ በላይ ያለው ሐይቅ ዓመት ከዓመት እየጎደለ ሄዷል። በያንዳንዱ ጊዜ የነበረ ሰው ያንኑ ቁጥር ገልጦ «ተፈጸመ» ቢል የሚከለክለው አልነበረም። ለማንኛውም ዘመን ልክ የሚሆን ልብስ ደግሞ ለማን እንደ ተሰፋ አይታወቅም።

አሁን ወደ ጉባ እንውረድ። ግድቡ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝና 5,150 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የተሠራ ነው። ውሃው ተርባይኑን አዙሮ ወደ ሱዳን ይወርዳል፤ ተይዞ የሚቀር ከሆነማ ኤሌክትሪክም የለም። ወደ ግብፅ ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከአገራችን የሚሄድ ነውና ግብፃውያን ቢጨነቁ አያስደንቅም። የኛ መሐንዲሶችና ተደራዳሪዎች ግን መሠረቱ ከተጣለበት ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጀምሮ «ወንዙን አናደርቅም» ሲሉ ኖረዋል። እንግዲህ «ትንቢቱ ተፈጸመ፣ ዓባይ ሊደርቅ ነው» የሚለው ወገናችን፣ ሳያስበው፣ የገዛ አገሩን ቃል ሐሰተኛ ማድረጉ ነው። በድርቅ ዓመት ስንት ውሃ ይለቀቅ የሚለው ጥያቄ በስሌትና በድርድር የሚመለስ ነው፤ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. የሦስቱ አገሮች መሪዎች ካርቱም ላይ የመርሕ መግለጫ የፈረሙትም ስለዚሁ ነበር። ነገሩ ከሰማይ የተወሰነ ነው ካልን ግን ድርድሩ ምን ያደርጋል? ውሃ ምሕንድስና የሚማሩት ጓደኞቻችንስ ለምን ይደክማሉ?

ይህ አነጋገር የሚሸፍነው ሌላም ነገር አለ። ሐይቁ ሳይሞላ በወንዙ ዳር ያርሱና ዓሣ ያጠምዱ የነበሩ የጉሙዝ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተነሥተው ሌላ ቦታ ሰፍረዋል። ሰው የሠራው ሥራ ከሆነ፣ «መሬት አገኙ ወይ፣ ውሃና ትምህርት ቤት ደረሳቸው ወይ» ብለን ሠሪውን ልንጠይቅ እንችላለን። ትንቢት ነው ከተባለ ግን ተጠያቂው ማን ነው? ከደመወዙ ቆርጦ ቦንድ የገዛው መምህርና በዚያ በቆላው ሐሩር ብረት ያሰረው ሠራተኛም በዚህ አነጋገር ከታሪኩ ይወጣሉ።

«እንግዲያው በትክክል የተፈጸመ ትንቢት የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አንዳንዱን ሰው ራሱ ይፈጽመዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት ኦንያስ የተባለ አይሁዳዊ ካህን በግብፅ ምድር በሌዎንቶፖሊስ ቤተ መቅደስ ሲሠራ፣ በዚሁ በኢሳይያስ 19 ስለ መሠዊያ የተነገረውን ለፈቃድ ማግኛ እንደ ጠቀሰ ዮሴፍ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ይነግረናል። ከኛም ዘንድ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ባይሆንም፣ ፍካሬ ኢየሱስ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል ይል ስለ ነበር፣ ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሥ ያንን ስም መረጠ። ስሙ ደረሰ፤ የተባለው ረጅም የሰላም ዘመን ግን አልደረሰም። ንጉሡም በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሞተ። ጀግንነቱንና ለአገር አንድነት የደከመውን ድካም ማንም አይነሣውም፤ ያ ድካም ደግሞ የራሱ እንጂ የፍካሬው አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመን መጽሐፉ ራሱ ከሰባኪዎቹ ይበልጥ ግልጽ መሆኑ ነው። ሕዝቅኤል በምዕራፍ 26 ናቡከደነፆር ጢሮስን እንደሚያፈርስና እንደሚበዘብዝ ይናገራል፤ በምዕራፍ 29 ግን ንጉሡም ሠራዊቱም ስለ ድካማቸው ከጢሮስ ዋጋ እንዳላገኙ፣ በምትኩም ግብፅ እንደምትሰጣቸው ተጽፏል። ያንን ቁጥር ማንም ጸሐፊ አልፋቀውም። እዚያው ምዕራፍ ግብፅ አርባ ዓመት ሰውም ከብትም ሳያልፍባት ባድማ እንደምትሆን ይላል፤ እንዲህ ያለ አርባ ዓመት በግብፅ ታሪክ አይታወቅም።

የዮናስን ነገር ደግሞ ሁላችን እናውቀዋለን። ክርስቲያኑ በየዓመቱ ሦስት ቀን የነነዌን ጾም ይጾማል፤ ሙስሊሙም የነቢዩ ዩኑስ ሕዝብ እንደ ዳነ በቁርአን ያነባል። ከተማይቱ ትገለበጣለች ተብሎ ነበር፤ ሕዝቡ ስለ ተመለሰ አልተገለበጠችም። በዓመት በዓመቱ የምናስበው እንግዲህ ሳይፈጸም የቀረ ትንቢት ነው፤ ሳይፈጸም በመቅረቱም የተከፋው ዮናስ ብቻ ነበር።

ኢትዮጵያ እጅዋን ስለ መዘርጋትዋ የሚናገረውን መዝሙር እንድናነሣ በጽሑፍ የጠየቃችሁን አላችሁ። ሰዓቱ ስለ ገፋ መልሰን እናንተኑ እንጠይቃችኋለን፤ ምን ቢሆን ኖሮ «አልተፈጸመም» ትሉ ነበር? መልስ ያለው እጁን ያውጣ።