ስለ ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ሙዚቀኛ ነው። እናንተም ቀስ እያላችሁ አንብቡ።

ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። ምህንድስና እንዲማሩ ወደ ብሪታንያ ተላኩ። እሳቸው ግን ሙዚቃን መረጡ። ኋላም ወደ አሜሪካ ተሻግረው በቦስተን ከተማ በርክሊ በሚባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ጃዝ ተማሩ። ወደዚያ ትምህርት ቤት በመግባት ከአፍሪካ የመጀመሪያው ተማሪ ናቸው።

ጃዝ ምንድን ነው? ጥቁር አሜሪካውያን የፈጠሩት ሙዚቃ ነው። ተጫዋቹ ዜማውን ይዞ እዚያው በዚያው ከራሱ ይጨምርበታል። እኛስ ፋሲሎ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ፣ ፊታችንን እያየ ግጥም ሲፈጥር እንሰማ የለም እንዴ? ነገሩ ይቀራረባል።

የእኛ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። እያንዳንዱ 5 ድምፅ አለው። የፈረንጆቹ ሙዚቃ ግን 12 ድምፅ አለው። 12ቱ ከበዙ የ5ቱ ጣዕም ይጠፋል። ሙላቱ የአገራቸውን ጣዕም ሳያጠፉ ሁለቱን አስማሙ። ይህ ሙዚቃ ኢትዮ ጃዝ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ውስጥ በሸክላ አስቀረጹ። ከዚያም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዕውቀቱ ከእሳቸው ጋር እንዳይቀር አዲስ አበባ ላይ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከፈቱ።

እናንተም አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። አያት ሲሞት የሚያውቀው ዜማ አብሮት ይቀበራል። የተጻፈ ግን ይቆያል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ከእናታችሁ ወይም ከአያታችሁ አንድ እንጉርጉሮ ስሙ። ግጥሙን በደብተራችሁ ጻፉት። ነገ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው።

ደኅና ሰንብቱ።