ከገበያው በፊት ለጓዳ፦ ስለ በጋ ሰላጣና ስለ ፍራፍሬ ማጣፈጫው

(በመንደራችን መረዳጃ ማኅበር የወር ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር። በስብሰባው ያልተገኙ አባላትም እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ ከመዋጮና ከድንኳን ጉዳይ ወጣ ብለን ስለ ምግብ እንድንነጋገር ኮሚቴው በወሰነው መሠረት ጥቂት ጊዜ እወስድባችኋለሁ። ርእሱ ሰላጣ ነው። ከወዲሁ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። «ሰላጣ የሆቴል ነገር ነው፤ ለኛ ምናችን ነው?» የሚልም አይጠፋም። እኔ ግን ሰላጣ ከሆቴሉ ይልቅ ለኛ ለሶዶ ሰዎች ይቀርበናል እላለሁ። ምክንያቱን ላስረዳ።

እንደሚታወቀው አገራችን ደጋም፣ ወይና ደጋም፣ ቆላም አላት። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለው ወይና ደጋ አቮካዶው፣ ዘይቱኑ፣ ጎመኑና ካሮቱ ይበቅላል። ወደ ሁምቦና ወደ ብላቴ ወንዝ ወረድ ሲባል ማንጎው፣ ፓፓያውና ሙዙ ይገኛል። የጎደለውን ደግሞ የአርባ ምንጭ መኪና ያመጣዋል። ስለዚህ ሆቴል ቤት በውድ የሚሸጠው ሰላጣ የሚሠራው ከኛው ጓሮና ከኛው ገበያ በሚወጣ ነገር ነው ማለት ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ችግሩ ፍሬው ሲደርስ ቅርጫቱ እንዳለ ገበያ መውጣቱ ነው። የተሸጠበት ገንዘብ ተመልሶ ብስኩትና ለስላሳ ይገዛበታል። መሸጡን የሚቃወም የለም፤ የልጅ ደብተርም፣ ጨውና ዘይትም የሚገዛው ከዚያው ነው። ግን የአቮካዶ ዛፍ በደጁ የቆመለት ልጅ አቮካዶ ሳይቀምስ ሲያድግ ዝም ብሎ ማየት አይገባንም። በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፦ ከገበያው በፊት ሁለት ሁለት ፍሬ ለጓዳ ይቅር። የቀረው ንግግሬ ሁሉ ያ የቀረው ፍሬ በንጽሕና ተሠርቶ እንዴት እንደሚበላ ነው።

ስለ ጥቅሙ

1ኛ/ ደም ማነስን በሚመለከት። ደም የሚሠራው ብረት የሚባለው ንጥረ ነገር በጎመን፣ በባቄላና በምስር ውስጥ አለ። ነገር ግን ሰውነታችን ከእህልና ከቅጠል የሚያገኘውን ብረት በቀላሉ አይወስደውም። ሎሚ፣ ዘይቱን፣ ፓፓያ፣ ማንጎና ብርቱካን ቫይታሚን ሲ ስላላቸው አብረው ሲበሉ ብረቱን ለመውሰድ ይረዳሉ። ልጆች ከዛፍ ላይ ቀጥፈው የሚጥሉት ዘይቱን እኮ በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን በብዙ እጥፍ ይበልጣል! ይህ ቫይታሚን እሳት አይወድም። ስለዚህ ሎሚው ጎመኑ ከእሳት ከወረደና በረድ ካለ በኋላ ይጨመቅበት። ሻይና ቡና ግን ብረቱን ይይዙታል። ቡናውም ሆነ ሃይታ ቱኬው ከምግብ ጋር ከሚጠጣ አንድ ሰዓት ያህል ዘግየት ቢል መልካም ነው። ይህ በተለይ ለነፍሰ ጡሮች ነው። ሐኪም የሰጣቸውን የብረት ክኒን ግን ሰላጣ አይተካውም።

2ኛ/ ዓይንን በሚመለከት። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ካሮትና ውስጡ ብርቱካንማ የሆነው ስኳር ድንች በሰውነት ውስጥ ቫይታሚን ኤ ይሆናሉ። ይህ ቫይታሚን ለዓይንም፣ በሽታን ለመከላከልም ያገለግላል። ወደ ሰውነት በደንብ እንዲገባ ግን ቅባት ይፈልጋል። ዘይት በተወደደበት ጊዜ ቅባቱን አቮካዶ ይሰጠናል። ካሮት ከአቮካዶ ጋር የሚስማማው ለጣዕም ብቻ አይደለም።

ስለ ንጽሕናው

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በስሎ የሚበላ ነገር ብዙውን ጀርም እሳት ይገድልልናል። ሰላጣ ግን ጥሬ ነው። ውሃው ካልጸዳ ታይፎይድ፣ አሜባ፣ ጃርዲያና የወስፋት እንቁላል ከቅጠሉ ጋር አብረው ይገባሉ። ኮሌራም በዚሁ መንገድ ይመጣል። እንግዳ አክብሮ ሰላጣ ያቀረበ ሰው ሳያስበው በሽታ እንዳያቀርብ ይጠንቀቅ።

ሀ/ ልጣጩ የሚነሳውን እናስቀድም። አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ካሮት፣ ሽንኩርት፣ ሁሉም ይላጣሉ። ነገር ግን ከመላጣቸው በፊት ይታጠቡ፤ አለዚያ ቢላዋው የላዩን ቆሻሻ ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል።

ለ/ ቅጠል ከሆነ አንድ አንዱ ተለይቶ፣ ፊቱም ጀርባውም በእጅ እየታሸ፣ ውሃ እየተለወጠ ሦስት ጊዜ ይታጠብ። የመጨረሻው መለቅለቂያ ውሃ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ውሃ አጋርን የመሰለ የውሃ ማከሚያ ያለው ሰው በላዩ በተጻፈው ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በምትነግረው መጠን ይጠቀም። ሆኖም የወስፋት እንቁላል ማከሚያውን ይቋቋማል፤ ማሸቱና ማጠቡ አይቀርም።

ሐ/ «ሎሚና አቸቶ ካለው ጀርሙ ይሞታል» የሚባለው አያስተማምንም። ሎሚ ያጣፍጣል እንጂ የቆሸሸ ቅጠል አያነጻም።

መ/ የውሃው ነገር ያላስተማመነው ሰው ቅጠሉን ይተወው። በጥቅል ጎመን ፈንታ የተቀቀለ ስኳር ድንች ወይም የተቀቀለ ቀይ ሥር ቢያደርግ ሰላጣነቱ አይቀርም። ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች ይህኛው ይመረጣል።

ሠ/ የቢላዋው ጉዳይ። ወላይታ በቁርጥ የታወቀ አገር ነው፤ ይህን ለናንተ አልነግርም። ግን ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበት ቢላዋና መክተፊያ በውሃ ለቅለቅ ተደርጎ ወደ ሰላጣ መሄድ የለበትም። ለሰላጣ የተለየ መክተፊያ ይኑር። ከሌለ ሰላጣው አስቀድሞ ተከትፎ ይከደን፣ ሥጋው ኋላ ይቆረጥ። እጅም በሳሙና ይታጠብ።

አሠራሩ

ለስድስት ሰው ይበቃል።

ለሰላጣው፦ 3 መካከለኛ ስኳር ድንች (ቢቻል ኩልፎ የሚባለው ብርቱካንማው ዝርያ)፣ 2 ካሮት፣ 3 ጠንካራ ቲማቲም፣ 1 ቀይ ሽንኩርት፣ 1 የበሰለ ግን ያልላላ አቮካዶ፣ ሩብ ጥቅል ጎመን።

ለማጣፈጫው፦ 1 የበሰለ ማንጎ፣ የ2 ሎሚ ጭማቂ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት፣ 1 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ዝንጅብል፣ ግማሽ ቃሪያ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው።

መጀመሪያ ስኳር ድንቹ ከነልጣጩ ይቀቀል፤ እንዳይፈርስ ሹካ ሲገባለት ይውጣ። ሲቀዘቅዝ ተልጦ በትንንሹ ይቆረጥ። ካሮቱ ይፈግፈግ፣ ጥቅል ጎመኑ እንደ ክር ይከተፍ። ሽንኩርቱ ተከትፎ በጥቂት ሎሚና ጨው ታሸት ተደርጎ ቢቆይ መቆጥቆጡ ይለዝባል።

ቀጥሎ ማጣፈጫው። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ቃሪያው ከጨው ጋር በሙቀጫ ይወቀጡ። ይኼ ከዳታችን ብዙ የራቀ አይደለም፤ እጃችሁ የለመደው ነው። ማንጎው ተልጦ በንጹሕ ወንፊት ላይ በማንኪያ እየተጫነ ይለፍ፤ ጭረቱ ከላይ ይቀራል። ከተወቀጠው ጋር ይቀላቀልና ሎሚው ይጨመር። ከዚያ ዘይቱን በጠብታ በጠብታ እያፈሰሱ በሹካ መምታት ነው። አንዴ ከተደፋ ዘይቱ ለብቻው ይንሳፈፋል። ከወፈረ ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይቅጠን። ማንጎው በጣም ከጣፈጠ ሎሚ ይጨመር፤ ስኳር አያስፈልገውም።

የማንጎ ጊዜ ካልሆነ በፓፓያ ይሠራል፤ ፓፓያ ኮምጣጣነት ስለሌለው ሎሚው ሦስት ይሁን። በዘይቱንም ይሆናል፤ ፍሬው ድንጋይ ስለሆነ ወንፊቱ ግዴታ ነው።

አቮካዶው የሚቆረጠው በመጨረሻ ነው፤ ቶሎ ከተቆረጠ ይጠቁራል። ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ይዘገያል። ማጣፈጫውም የሚፈስሰው ሰው ማዕድ ላይ ከቀረበ በኋላ ነው። ጨው ውሃ ይስባልና ቀድሞ ከፈሰሰ ጥቅል ጎመኑ ይጠወልጋል፣ ሳህኑም ውሃ ያቁራል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት፣ በተለይ በጥርና በየካቲት ፀሐይ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ሰላጣ ለነገ አይባልም። ስለዚህ በልክ ይሠራ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ስኳር ድንች ሲያልቅ ቦይና ወይም ካሳቫ ቢተካ ይቻላል፤ ግን በሚገባ በስሎ ብቻ ነው። ጥሬ ቦይና ጉሮሮ ያሳክካል፤ ጥሬ ካሳቫ ደግሞ መርዝ አለው። ካሳቫ ተልጦ፣ ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ መቀቀል አለበት። ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩ።

ይህ ነገር የሌላ አገር ፈሊጥ ነው የሚል ካለ ደግሞ እንዲህ እላለሁ። አቮካዶና ፓፓያ የመጡት ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ በኩል ነው፤ ማንጎ ከሕንድ በኩል ነው። ሜክሲኮዎች አቮካዶን ከሎሚ፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር አድቅቀው ይበሉታል። ታይላንዶችና ላኦሶች ያልበሰለ ፓፓያ ፈግፍገው በሙቀጫ ውስጥ ከሎሚና ከቃሪያ ጋር ይወቅጡታል። እነሱም በሙቀጫ፣ እኛም በሙቀጫ! ፍሬዎቹ እንግዳ ሆነው መጥተው እኛ ዘንድ ጎጆ ወጥተዋል። እንግዳ ሆነው የቀሩት ከሳህናችን ላይ ብቻ ነው።

ወገኖቼ፣ አላጋንንም። ሰላጣ ሆድ አይሞላም። አገሩ ለምልሞ ጓዳ የሚጎድልበትን ጊዜ እዚህ ያሉ ሽማግሌዎች አሳምረው ያውቁታል፤ በዚያን ጊዜ በቆሎውን፣ እንሰቱንና ባቄላውን ሰላጣ አይተካም። ሰላጣው ከቂጣው፣ ከቆጮውና ከባቄላው ጎን ሲቀርብ ግን ያንኑ የነበረንን ምግብ የበለጠ ጥቅም እንዲሰጥ ያደርገዋል። ወጪውም ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብዙ አይርቅም።

በመጨረሻ ለስብሰባው ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ፍሬ የሚሸጥ አባል ሁሉ ከገበያው በፊት ለልጆቹ ሁለት ሁለት ፍሬ ያስቀር።

2ኛ/ የማኅበሩ ትልልቅ ድስቶች ለለቅሶና ለድግስ ብቻ ከሚቀመጡ፣ በዓመታዊ ስብሰባችን ዋዜማ ውሃ ይፈላባቸው። በዕለቱ በለስላሳው ፈንታ ይህ ሰላጣ ይቅረብ።

3ኛ/ በደጁ ባዶ ቦታ ያለው አባል በሚቀጥለው ክረምት አንድ የሎሚ ወይም የዘይቱን ችግኝ ይትከል። ቦታ የሌለው ተከራይም በአሮጌ ባልዲ ቃሪያና ሰላጣ ቅጠል ማብቀል ይችላል።

ተቃውሞ ወይም የተሻለ አሠራር ያለው ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ ይናገር። የሚናገር ግን ሠርቶ፣ ቀምሶ ይምጣ!